ሥራን ያስቀደመ ጉባኤ

በኦክቶበር 1873 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊሊክስ አድለር የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በኒው ዮርክ ቴምፕል ኢማኑኤል ምኩራብ ቆሞ ሰበከ። አባቱ ሳሙኤል አድለር የዚያ ምኩራብ ረቢ ነበሩ። ልጁ በጀርመን ሃይድልበርግ ዶክትሬቱን ይዞ ሲመለስ አንድ ቀን ወንበራቸውን ይረከባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ወጣቱ ስለ አይሁድ እምነት መጪ ዘመን ተናገረ፤ የእግዚአብሔርን ስም ግን አንድም ጊዜ ሳያነሳ ወረደ። ያልተጠራው ስም ከተነገረው ሁሉ በላይ ተሰማ፤ ስብከቱም በዚያ መድረክ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሆነ።

በሜይ 15፣ 1876 አድለር ሌላ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌላ ዓይነት ጉባኤ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። በየእሑዱ የሚሰበሰብ፣ ጸሎትና ሥርዓተ አምልኮ የሌለው፣ አባላቱን ስለ አምላክ ምን ታምናላችሁ ብሎ የማይጠይቅ ጉባኤ ነው። የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሰው ምን ሠራችሁ የሚል። በቀጣዩ ዓመት «ኤቲካል ካልቸር» በሚል ስም በሕግ የተመዘገበው ማኅበር ዛሬ በብዙ ከተሞች ለሚገኙ፣ ሰውን ማዕከል ላደረጉ የሂዩማኒስት ጉባኤዎች ታላቅ ወንድም ነው።

ዘመኑ የችግር ነበር። በ1873 የጀመረው የባንኮች ውድቀት ፋብሪካ እየዘጋ ሠራተኛ ሲበትን፣ የስደተኛ ቤተሰቦች በጠባብ የኪራይ ክፍሎች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። እናት ሥራ ስትውል ልጁ መንገድ ላይ ይውላል። ማኅበሩ በ1878 ለሠራተኛ ልጆች ነፃ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። በዚያው ሰሞን የሠለጠኑ ነርሶችን ወደ ድሆች ቤት ልኮ በሽተኞችን በየአልጋቸው ማሳከም ጀመረ። በ1880 ደግሞ የሠራተኞች ልጆች ያለ ክፍያ ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። አባላቱ እሑድ ንግግር ያዳምጣሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ሰፈር ውስጥ ናቸው። የመሪዎቹ ስም በታሪክ ሲጻፍ የነዚያ ነርሶችና አስተማሪዎች ስም እምብዛም አለመነሳቱ ያሳዝነኛል፤ ጉባኤውን ጉባኤ ያደረጉት እነሱ ናቸውና።

አንድ እምነት የሌላቸው ሰዎች በሥራ እንዴት እንደሚተሳሰሩ የእኛ አንባቢ ከእድር ያውቀዋል። ድንኳን የሚተክለውና ወንበር የሚሸከመው ሰው ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ መስጊድ አይጠይቅም። ልዩነቱ እድር በመጀመሪያ የሚደርሰው ለአባሉ መሆኑ ነው። የአድለር ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ የደረሱት የጉባኤው አባል ላልሆነ፣ ቋንቋውንም ለማይናገሩት ሰው ነው። ይህ ለጋስነታቸው ነበር፤ እንደማየው ግን ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ የቀረበትም አንዱ ምክንያት ነው።

የስታንተን ኮይት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ኮይት የአድለር ረዳት ነበር። ለንደን ውስጥ በ1884 የተከፈተውን ቶይንቢ ሆል፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቆች ከድሆች ጋር የሚኖሩበትን ቤት፣ አይቶ ሲመለስ በ1886 በኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ፣ ፎርሳይት በሚባለው መንገድ፣ የስደተኞች ኪራይ ቤት ውስጥ ገባ። ዕርዳታ አላከፋፈለም። የሰፈሩን ወጣቶች በትንንሽ ክበቦች እያደራጀ፣ ክበቦቹ ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩና ለሰፈራቸው እንዲሠሩ አደረገ። «ኔይበርሁድ ጊልድ» ያለው ይህ ቤት በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቤት (ሴትልመንት ሃውስ) ነው፤ በ1891 ዩኒቨርሲቲ ሴትልመንት ተብሎ እስካሁን አለ። ኮይት ራሱ ግን በ1888 ወደ ለንደን ሄዶ የሳውዝ ፕሌስ ጉባኤ መሪ ሆነ። ቤቱ ያለ እሱ ቀጠለ፤ ከጊዜ በኋላም የማኅበሩ መሆኑ ተረሳ።

ማኅበሩ በተስፋፋባቸው ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ ነው። በቺካጎ ዊልያም ሶልተር የሚመራው ጉባኤ በ1888 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ነበር፤ ቢሮው በኋላ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የከተማዋ የሕግ ድጋፍ ማኅበር ሆነ። በ1904 የሕፃናትን የጉልበት ሥራ የሚታገለው ብሔራዊ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ አድለር ነበር፤ እስከ 1921 መራው። በ1909 የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ኤንኤኤሲፒን ከጠነሰሱት አንዱ ሄንሪ ሞስኮዊትዝ ከዚሁ ማኅበር የወጣ ነው። ጥሩ ሥራ ሲያድግ ከእናቱ ቤት ይወጣል፤ ስሙንም ይቀይራል። ሌሎች ሃይማኖቶች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሲሠሩ ስማቸውን ደጃፉ ላይ ይጽፋሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አልጻፉም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ሁሉም ሥራ ግን መንገዱን አልጠበቀም። የሠራተኛ ልጆች በነፃ የሚማሩበት ያ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያጥረው ከፋይ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ፤ ዛሬ ከኒው ዮርክ ውድ የግል ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የአቶም ቦምቡ ሮበርት ኦፐንሃይመር እዚያ ነው የተማረው። ለትምህርት ቤቱ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ለተከፈተላቸው የሸማኔና የልብስ ሰፊ ልጆች ግን በሩ ጠቧል።

ከሁሉ የምወደው ጆን ላቭጆይ ኤልየትን ነው። የኢሊኖይ የገጠር ልጅ ነው፤ አድለርን ሰምቶ ተከተለው። በ1890ዎቹ ቼልሲ በሚባለው የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ገብቶ፣ ከሚረብሹ የመንገድ ልጆች ጋር በአንድ ክበብ ጀመረ። ከዚያ ክበብ በ1897 ሃድሰን ጊልድ የተባለው ሴትልመንት ሃውስ ወጣ። በ1917 ሰፈሩ ኒው ጀርሲ ውስጥ እርሻ አገኘ፤ የከተማ ቤተሰብ በጋውን አየር የሚለውጥበት ማለት ነው። ኤልየት እዚያው ሰፈር ኖረ፤ ሰው ሲታመም ይጠራል፣ ልጅ ሲታሰር ይጠራል። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የቪየናው ኤቲካል ማኅበር ሁለት መሪዎች ታሰሩ። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋው ኤልየት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ እንዲፈቱ ከጌስታፖ ጋር ተነጋገረ፤ ተፈቱም። በ1942 ሲሞት ሰፈሩ አልረሳውም፤ በ1947 ቼልሲ ውስጥ የተሠሩት የመንግሥት የኪራይ ቤቶች በስሙ ተጠሩ።

መንግሥት ይህን ዓይነቱን ጉባኤ ምን ብሎ ይመዝግበው? ጥያቄው ፍርድ ቤት የደረሰው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ነው። የከተማዋ ግብር ሰብሳቢዎች አምላክን የማያመልክ ጉባኤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነፃ ሊሆን አይችልም ብለው ነበር። በ1957 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔያቸውን ሻረ፤ ፍርዱን የጻፉት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የሆኑት ዋረን በርገር ናቸው። ጉባኤው በየእሑዱ ይሰበሰባል፣ መሪዎቹ ያጋባሉ፣ ይቀብራሉ፣ ያዘነን ያጽናናሉ፤ ሕጉ እንደ ሃይማኖት ለመቁጠር ይህ በቃው። ጉባኤዎቹ ራሳቸው ግን አስቀድመው ከሂዩማኒስቶች ጋር ተሰልፈው ነበር፤ በ1952 አምስተርዳም ላይ ዓለም አቀፉ የሂዩማኒስቶች ኅብረት ሲመሠረት የአሜሪካው የጉባኤዎቹ ኅብረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

ዛሬ እሑድ ወደ አንዱ ጉባኤ የገባ ሰው ሙዚቃ፣ ንግግር፣ ቀጥሎም ቡናና ረጅም ጨዋታ ያገኛል። ሕፃን ሲወለድ የስም ማውጫ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ሰው ሲሞት ሕይወቱን የሚያውቁት ይናገሩለታል። ልጆች ስለ ሃይማኖቶች ሁሉ ይማራሉ። በኒው ዮርኩ ሕንፃ ቤት አልባ ሴቶች ለዓመታት አድረዋል፤ በጎ ፈቃደኞችም ተራ ገብተው አብረዋቸው አድረዋል። እኔ ከንግግሩ ሁሉ የማስቀድመው ያንን የሌሊት ተራ ነው።

በጃንዋሪ 2013 ለንደን ውስጥ ሳንደርሰን ጆንስና ፒፓ ኢቫንስ የተባሉ ሁለት ኮሜዲያን ሰንዴይ አሴምብሊ የተባለ፣ እንዲሁ ያለ አምልኮ የሚሰበሰብ ጉባኤ ጀመሩ። መዝሙሩ የታወቀ ዘፈን ነው፤ ሕዝቡ በደስታ ጎረፈ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በተለያዩ አህጉራት ቅርንጫፍ ተከፈተ። በርካታ ቅርንጫፎች ግን ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ። ሰዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይመስለኝም። ዝግጅቱን የሚሸከሙት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚጨርሰው አዳራሽ መከራየት፣ ድምፅ ማጉያ ማቆም፣ ዘፋኝ መፈለግ ነበር። ኤልየት ከ40 ዓመት በላይ በአንድ ሰፈር ሲኖር በሩን የሚያንኳኩ ሰዎች ነበሩት፤ ለሥራው ፍሬ ነገር የሚሰጡት እነሱ ነበሩ። አዲሶቹ በየወሩ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ እንጂ ሰፈር አልነበራቸውም።