ከቁራኛ እስከ እቁብ

ድሮ፣ ቁራኛ በሚባለው ሥርዓት፣ ባለዕዳና አበዳሪ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ውለው አብረው ያድሩ ነበር። ጭካኔው ያሳዝነኛል፤ የታሰረ ሰው ከየት ሠርቶ ይከፍላል?

በጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በተቋቋመው መርካቶ ነጋዴው፣ በተለይ ጉራጌው፣ ሌላ መንገድ ነበረው፤ እቁብ። በርበሬ ቸርቻሪዋ እናቴ ከዕዳ የወጣችው በእሱ ነው። የእቁቡ ዳኛ ችግሯን ሰምቶ እቁብተኛውን አማከረ፤ ዕጣ የወጣላቸው ጎረቤታችን ተራቸውን ለቀቁላት። ዋስ ጠርታ ብሩን ተቀበለች፣ ሳታሳድር ለአበዳሪዋ አስረከበች። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ወጪ ቅደም ተከተል ነበረው፦ መጀመሪያ የሳምንቱ እቁብ፣ ከዚያ ኪራይ፣ ጤፍ፣ ጋዝ። ሥጋ ለበዓል ብቻ።

ዕዳ ያለባችሁ፣ ብቻችሁን አትብሰልሰሉ፤ ለእቁብ ዳኛችሁ ዛሬውኑ ንገሩ።