የባሕር ኤሊ ጉዞና የታሪክ ማስረጃ

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን፣ ማስረጃ ሲቀርብልን በማን በኩል እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባናል። የባሕር ኤሊ ጥናት ታሪክ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ፕሮፌሰር አርቺ ካር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በኮስታ ሪካ በቶርቱጌሮ ጠረፍ፣ ዕንቁላል ለመጣል በሚወጡ ኤሊዎች ላይ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት የብረት ምልክት ማሰር ጀመሩ። ምልክቱን ለሚመልስ ወሮታ ይከፈለው ነበር። ከተመለሱትም አብዛኞቹ የመጡት የባሕር ሣር ከበዛበት ከኒካራጓ ጠረፍ ነው። ነገር ግን ላኪዎቹ ኤሊ ለሥጋ የሚያጠምዱ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ምልክቱ የሚያስረዳው የኤሊዋን መነሻና መሞቻ ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ ኒካራጓ ኤሊ የበዛበት ነው ወይስ አጥማጅ የበዛበት የሚል ጥያቄ ይነሣል።

በዚሁ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያው ጠረፍ በተነሡ ኤሊዎች ጀርባ ላይ የራዲዮ ማሰራጫ ተለጠፈ። ኤሊዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል ምልክቱ ወደ ሳተላይት ይደርሳል፤ በሕይወት ሳለችም መንገዷና የምትሰማራበት መስክ ወሰን ይታወቃል። አብዛኞቹም በእርግጥ ወደ ኒካራጓ ሲጓዙ ታዩ።

ስለዚህ የአጥማጆቹ ምስክርነት እውነት ነበር፤ ሆኖም እውነትነቱ የተረጋገጠው አጥማጅ ያልደረሰበት ሌላ ማስረጃ ሲገኝ ነው።