የፊኛ ምርመራና የሕመምተኛው ፍርሃት

ሜጋ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሽንታቸው ከደም ጋራ እየተቀላቀለ ሲያስቸግራቸው፥ ከማፈራቸው የተነሣ ለማንም ሳይነግሩ ብዙ ወራት ቈዩ። በመጨረሻ ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ሄደው ሲመረመሩ በፊኛቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ወጣላቸው፤ በሦስተኛውም ወር ተመልሰው በመሣሪያ እንዲታዩ ታዘዙ። እንዲህ ያለው ዕጢ ከወጣ በኋላ ደግሞ መብቀል ልማዱ ነውና ትእዛዙ በከንቱ አልተሰጠም። እርሳቸው ግን፥

«ልጄ፥ ጅብም አንበሳም አልፈራም፤ ወደዚያ ብረት ግን አልመለስም» አሉኝ።

በመጀመሪያው ምርመራ ጊዜ ምን እንደሚደረግባቸው አንድ ቃል የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ነገሩ ስላሳሰበኝ የዚህን መሣሪያ ታሪክ መመርመር ጀመርሁ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ዓ.ም. ፊሊፕ ቦዚኒ የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም የሰውን ገላ ከውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ለቪየና ሊቃውንት አቀረበ። መብራቱ ሻማ ነበረ፤ የሻማውንም ብርሃን መስተዋት በቀጭን ቧንቧ ወደ ውስጥ ይመልሰው ነበር። የቪየና የሕክምና መምህራን ግን ነቀፉት፤ ቦዚኒም በ1809 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ በታይፈስ በሽታ ሞተ። ከ70 ዓመት በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም.፥ ማክሲሚልያን ኒትዘ የተባለ ጀርመናዊ ዮሴፍ ላይተር ከሚባል መሣሪያ ሠሪ ጋራ ሆኖ መብራቱን ራሱን ወደ ፊኛው ውስጥ አስገባው። ይህም በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲን ሽቦ ነበረ፤ እንዳያቃጥል ውኃ በዙሪያው ይመላለስ ነበር። እስቲ ወጣት አንባቢ፥ በዚያን ዘመን ከብረቱ በታች የተኛውን ሰው አስበው! ሐኪሙ ያየው ነገር ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ሳለ፥ ሕመምተኛው የተሰማው ነገር እምብዛም አለመጻፉ እኔን አሳዝኖኛል።

በ1884 ዓ.ም. ካርል ኮለር በቪየና ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ፤ ብዙም ሳይቈይ ሐኪሞች ለሽንት ቧንቧ ተጠቀሙበት፤ ግን አደገኛ ሆኖ ተገኘ። በ1943 ዓ.ም. ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የስዊድን ሊቅ ሊዶካይንን ሠራ። ዛሬ ይህ መድኃኒት እንደ ቅባት ሆኖ በቧንቧው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ካልታገሡት ሥራውን አይሠራም፤ የተጣደፈ ሐኪም መድኃኒቱን አባከነ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ መሣሪያ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፍርሃት በመድኃኒት ብቻ አይወጣም። በሽንት ቧንቧ ላይ እንደ ቀለበት የሚጨብጥ ጡንቻ አለ፤ ሰው ሲፈራ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ መሣሪያው ያሳምመዋል፤ ሲያመው ደግሞ ይብስ ይፈራል። የሴት ቧንቧ 4 ሳንቲሜትር፥ የወንድ 20 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ወንዱ በዚህ ይበልጥ ይጐዳል።

በአገራችን ስለ ፊኛ ሕመም ሲነሣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አይዘነጉም። በ1959 ዓ.ም. መጥተው በ1974 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን አቆሙ፤ በደቡብም በይርጋለም ቅርንጫፍ አለው። በምጥ ብዛት ፊኛዋ የተቀደደ ሴት ስትመረመር፥ ቀዳዳው የት እንደ ሆነ ለማየት ሰማያዊ ቀለም ያለው ውኃ ወደ ፊኛዋ ይገባል። ይህች ሴት ሕመሟን ለጎረቤት እንኳ ስትደብቅ የኖረች ናት። በዚያ ሆስፒታል ግን ቀድሞ ታመው የዳኑ ሴቶች በአስታማሚነት ተቀጥረው ያገለግላሉ። እጇን የምትይዛት በዚያው አልጋ ላይ የተኛች ሴት ናት፤ ከዚህ የሚበልጥ ማደንዘዣ እኔ አላውቅም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ሕመምተኛ ሆነው ገብተው፥ ኋላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርኋቸውና ከብዙ ልመና በኋላ አብሬያቸው ሄድሁ። ነርሷንም አስቀድማ እንድትነግራቸው ለመንኋት። «አባቴ፥ አሁን ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዎታል፤ አሁን በረዥሙ ይተንፍሱ፤ ሽንትዎ የመጣ ይመስልዎታል፥ ውኃው ነው» እያለች ነገረቻቸው። ሐኪሙም መስኮቱን ወደ እርሳቸው አዞረላቸው። የገዛ ፊኛቸውን ቀይ የደም ሥሮች እያዩ፥ «ይህ የእኔ ነውን?» አሉ፤ ደጋግመውም ጠየቁ፤ ምርመራውም እርሳቸው ሲጠይቁ አለቀ።

በማግሥቱ፥ ነርሷ እንዳለችው፥ ሽንታቸውን ጥቂት አቃጠላቸው፤ ውኃም ጠጡ። ወደ ሜጋ ስንመለስ ዱብሉቅ ላይ ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ፥ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደ ሆነ ጠየቁኝ።