በግድግዳ ውስጥ ያለው ልብ፦ የኮምፕሬሰር ጥገና በሳጃና

የከተሞች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በነገሥታቱ፣ በጦርነቱና በንግዱ ነው። ካርቱምን ግን ሙቀቷን ሳያነሡ መተረክ ከባድ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም የጋለው ጡብ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ወደ ክፍሉ መልሶ ይተፋል። በዚህች ከተማ ግድግዳ ተበስቶ የሚገባው የአየር ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ ብቻ ሆኖ አልኖረም። እንቅልፍንና ጤናን፣ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ሕይወት ጭምር የሚነካ ነበርና። የዚህ ዕቃ ልብ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ነው።

ሳጃና ከካርቱም መሐል በስተደቡብ፣ ከዴም አጠገብ የሚገኝ ነባር ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ የወህኒ ቤት ጠባቂዎች ማለት ሲሆን፣ ሰፈሩ በግንባታ ዕቃዎች ገበያው ይታወቃል። ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ሰፈሮች የሰፈሩት በየዘመኑ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በፖለቲካ የተሳደዱ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተፈናቀሉ፣ ከዚያም በኋላ ሥራ ፍለጋ በመተማና በገላባት በኩል የተሻገሩ በየተራ መጥተዋል። ብዙዎቹ ክፍል በጋራ ተከራይተው ኖረዋል። ኪራዩን የተጋራ ሰው የማቀዝቀዣውንም ብልሽት ይጋራል፤ ስለሆነም የኮምፕሬሰር መቃጠል የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ቤት ሰዎች ጉዳይ ነበር።

ኮምፕሬሰር ከመለመዱ በፊት፣ ከተለመደም በኋላ፣ የካርቱም ብዙኃን የተገለገሉት ሱዳናውያን ሙከይፍ ሞያ በሚሉት የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ውሃ በራሰ ጭድ መካከል አየር ሲያልፍ ውሃው ይተናል፤ ሲተንም የአየሩን ሙቀት ይወስዳል። በደረቁ የበጋ አየር ይህ ዘዴ በጥቂት ኤሌክትሪክ ግሩም ሥራ ይሠራል። ዝናቡ ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ ግን ውሃው እንደ ልብ ስለማይተን ክፍሉን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያጨቀየዋል። አቅም የፈቀደለት ሰው ወደ ፍሪዮን ማቀዝቀዣ የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፍሪዮን ማቀዝቀዣ ታሪክ ከሩቅ ይጀምራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ለአንድ ማተሚያ ቤት የነደፈው መሣሪያ ዓላማው ሰውን ማቀዝቀዝ ሳይሆን ወረቀቱን ከእርጥበት መጠበቅ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ሚድግሊና ባልደረቦቹ መርዛማና ተቀጣጣይ ያልሆኑ የማቀዝቀዣ ጋዞችን አስገኙ። ሞተሩና ፓምፑ በአንድ የተበየደ የብረት ቅል ውስጥ ሲታሸጉም መሣሪያው ወደ ተራ ሰው ክፍል ለመግባት በቃ። ይህ እሽግነት ግን ሁለት ስለት አለው፤ ጋዙን ከመፍሰስ ይጠብቃል፣ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ሙሉው ቅል መለወጥ አለበት።

የግድግዳ ማቀዝቀዣ ከመስኮት ማቀዝቀዣ በአንድ ነገር ይለያል። ዙሪያውን በግንብ ስለሚታቀፍ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው ብቻ ነው። በሃቡብ፣ ማለትም በአቧራ ማዕበል፣ ጀርባው ሲደፈን ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል ያቅተዋል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኮምፕሬሰሩም ከአቅሙ በላይ ይጨነቃል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ኃይል ዝቅ ካለ ሞተሩ ለመነሣት ሲታገል ብዙ ኩረንት ይስባል፤ ጥቅሉ ይግልና ሽፋኑ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም ግፊቱ ሳይመጣጠን ለመነሣት ይሞክራል። የመቆያ መሣሪያ የሌለው ማቀዝቀዣ በዚህ ይጎዳል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ የደግ ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ከመፍታት ሳይሆን ከመመርመር ነው። ኮምፕሬሰር ሞተ ተብሎ የሚጣል ዕቃ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት ካፓሲተር ነው፤ የካፓሲተር ዋጋ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ባለሙያው ኤሌክትሪኩን አቋርጦ፣ ካፓሲተሩ የያዘውን ኃይል አስወግዶ፣ ሦስቱን የኮምፕሬሰር ጫፎች በሜትር ይለካል። ከጋራው ጫፍ ወደ ሁለቱ የሚለካው ድምር ሁለቱን እርስ በርስ ሲለኩ ከሚገኘው ጋር መተካከል አለበት፤ አንዱ ጫፍ ከብረት ቅሉ ጋር ከተገናኘ ግን ሞተሩ ለዘለቄታው ሞቷል።

ሞቱ ከተረጋገጠ ጋዙ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል፤ ቱቦው ይለያል፤ በአቅም፣ በጋዝና በዘይት ዓይነት የሚመሳሰል ኮምፕሬሰር ይገባል። ብየዳው ሲካሄድ ናይትሮጅን በቱቦው ውስጥ ቀስ ብሎ ካላለፈ፣ ከውስጥ የሚፈጠረው ጥቁር ዝገት ኋላ ቀጭኗን ቱቦ ይደፍናል። የተቃጠለ ሞተር አሲድ ስለሚተው አዲስ ማጣሪያ ይገባል። በመጨረሻ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበት ይወጣል፤ ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሞላል። ቫኪዩሙን የዘለለ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ያተርፍ ይሆናል፤ የደሃው ቤት ግን በሚቀጥለው በጋ ሌላ ኮምፕሬሰር ይገዛል።

በሱዳን ይህን ሥራ የበለጠ ያከበደው ፖለቲካው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በጣለችው የንግድ ማዕቀብ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለሱዳን በቀጥታ መሸጥ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትነጠል አብዛኛው የነዳጅ ገቢ ሄደ፤ ገንዘቡ ወደቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ኮምፕሬሰር ዋጋም አሻቀበ። የኤሌክትሪኩ ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያው 60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በሱዳኑ 50 ኸርዝ ሲነሣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ይበልጥም ይግላል። ርካሽ መስሎ የተገዛ ዕቃ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የጋዙም ነገር ከሰፈር ያለፈ ነው። በእነዚህ ማቀዝቀዣዎች ለረጅም ጊዜ የሠራው ኤር-22 የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትና ተከታይ ማሻሻያዎቹ ለታዳጊ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ቀስ በቀስ የሚያቆሙበትን ጊዜ ወስነዋል። ተተኪው ኤር-410ኤ በግፊት በግማሽ ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚበልጥ በአሮጌ የኤር-22 ማሽን አይሞላም። ይህን ያላወቀ እጅ ራሱንም ቤቱንም ይጎዳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ ታሪክ ሰበረው። ካርቱም የጦር ሜዳ ሆነች፤ ነዋሪዎች ተሰደዱ፤ ከእነርሱም መካከል ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን አብረው ወደ መተማ ተጓዙ። ትናንት ጥገኝነት ጠያቂ የነበረው ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመላሽ፣ ባለአገሩ ሱዳናዊ ደግሞ በአማራ ክልል ስደተኛ ሆነ። በከተማዋ ቤቶች ተዘረፉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶች ለመዳባቸው ሲባል ተነቀሉ። ሠራዊቱ ካርቱምን መቆጣጠሩን ያስታወቀው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነበር።

መዳብ የማቀዝቀዣውም ደም ሥር፣ የኮምፕሬሰሩም ጥቅል ነው፤ ዘራፊ ሊመዝነው ይችላል። ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው ወይስ የሞተሩ ብሎ የሚለይ እውቀት ግን በኪሎ አይሸጥም። ከሳጃና የወጡ ባለሙያዎች ይህን እውቀት በመተማም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም ይዘውት ይገኛሉ። ለወጣቶች ቢያስተምሩት ሙቀቱ በበረታበት ቆላ ሁሉ ገበያ አለው። ካርቱምም ቤቶቿን መልሳ ስትጠግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ እንደ ቀድሞው ይሆናል፦ ግድግዳው ውስጥ ያለው ልብ በእርግጥ ሞቷል ወይስ የሚመረምረው ሰው ጠፍቶ ነው?