ኢሙሌተር ወይስ እንደራሴ?

ኢሙሌተር አንድ ኮምፒውተር የሌላ ማሽን ሥራ እንዲሠራ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ለፕሌይስቴሽን የተሠራ ጌም ፕሌይስቴሽን በሌለበት፣ ለሴጋ የተሠራውም ሴጋ በሌለበት የሚከፈተው በእርሱ ነው። ስሙን አገራችን የለመደችው በአብዛኛው በስልክ በኩል ነው፤ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለውን የፒኤስፒ ኢሙሌተር ስልካቸው ላይ ጭነው ፔስ የተባለውን የኳስ ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች ቃሉን ከነእንግሊዝኛው ይዘውታል። አሁን ግን እንደ ስቲም ዴክ፣ ሮግ አላይና ሌጂየን ጎ ያሉ በእጅ የሚያዙ የጌም ኮምፒውተሮች መጥተዋል። በእነዚህ ላይ ኢሙሌተር ሲጫን የድሮው ኮንሶል ሥራ በአብዛኛው ይሸፈናል። ስለዚህ ነገሩን በቅጡ ማስረዳትና የአማርኛ ስም መስጠት ተገቢ ነው። እኔ የምመርጠው «እንደራሴ» የሚለውን ነው።

ሰው ሲተረጉም ቀድሞ የሚመጣለት «አስመሳይ» ነው። አስመሳይ ግን በአማርኛ ስድብ ነው፤ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ፣ ሰው የሚያታልል ማለት ነው። «ምስለ» ከእርሱ ይሻላል። የሕግ ተማሪዎች የሚወዳደሩበትን ምስለ ችሎት ብዙ ሰው ያውቃል። ይሁን እንጂ በምስለ ችሎት የተሰጠ ፍርድ ማንንም አያስርም፣ ማንንም አይፈታም፤ ልምምድ ነው። ይህ ለሲሙሌተር ልክ ይመጣል፤ በበረራ ሲሙሌተር የተቀመጠ አብራሪ ከመሬት አልተነሣምና። በኢሙሌተር የሚሠራው ጌም ግን ራሱ ጌሙ ነው። የገባው ጎል ይቆጠራል፣ የተጀመረው ሊግ ይቀመጣል፤ የተቀመጠውን ፋይል ወደ እውነተኛው የፕሌይስቴሽን ሚሞሪ ካርድ መልሶ የገለበጠ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል።

እንዲህ ያለውን፣ በሌላው ቦታ ሆኖ በእውነት የመሥራት ሥልጣን የሚገልጽ ቃል አማርኛ ድሮም አለው። ንጉሥ በሌለበት የንጉሥን ሥራ የሚሠራው ሰው እንደራሴ ይባላል፤ «እንደ ራሴ ቍጠሩት» ከማለት የመጣ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው አስመራ የተቀመጡት አንዳርጋቸው መሳይም እንደራሴ ነበሩ። እንደራሴ ንጉሡ ነኝ ብሎ አያታልልም፤ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያዘዘው ግን ይጸናል። ባለጉዳዩም አቤቱታውን ለንጉሡ በሚያቀርብበት ቋንቋና ሥርዓት ያቀርብለታል። ኢሙሌተርም እንዲሁ ነው፤ ጌሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ እየተቀበለ ኮንሶሉ በሚመልስበት መንገድ ይመልስለታል።

ጥያቄው ምን ዓይነት ነው? የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሲወጣ በሰከንድ 33.8 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ አንጎልና 2 ሜጋባይት ማስታወሻ ብቻ ነበረው። አንጎሉ የሚፕስ ቤተሰብ ነው፤ የስቲም ዴክ አንጎል ደግሞ የኤክስ86። የአንዱ ትእዛዝ ለሌላው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ሲዲው ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ እያነበበ ወደ አዲሱ ማሽን ቋንቋ ይመልሳል። ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን ትእዛዝ በተነበበ ቍጥር መመለስ ነው፤ ይህ ዝግ ይላል። ፈጣኑ ዘዴ ተደጋግሞ የሚመጣውን ክፍል አንድ ጊዜ መልሶ ማስቀመጥና ሲጠየቅ የተቀመጠውን ማስኬድ ነው። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 2ን የሚተካው ፒሲኤስኤክስ2 የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ነው።

አስቸጋሪው ክፍል ጊዜ ነው። ስቲም ዴክ 16 ጊጋባይት ማስታወሻ አለው፤ ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 8 ሺህ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ጌሙ ግን የተጻፈው የድሮውን ማሽን እርምጃ ተማምኖ ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀየራል ብሎ የተጻፈ ጌም በፈለገው ፍጥነት እንዲሮጥ ቢለቀቅ ተጫዋቾቹ በዐይን አይታዩም። ስለዚህ ኢሙሌተሩ አዲሱን ማሽን እየያዘ፣ ድምፁንና ምስሉን እያገናኘ፣ በድሮው ልክ ያስኬደዋል። ፍጥነት መጨመር ለማሽኑ ቀላል ነው፤ ልኩን መጠበቅ ነው ሙያው።

አገራችን የኖረችበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነበር፤ በሰከንድ 50 ምስል። የጃፓንና የአሜሪካ ጌሞች የተሠሩት ለኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 60። በፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ውጤቱን አይቶታል፤ ሲዲው ይገባል፣ ጌሙ ይነሣል፣ ሜዳው ግን ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ፓል ብቻ የሚያነብ ከሆነ የኤንቲኤስሲን ቀለም ሊያወጣው አይችልም። ለፓል ተብሎ ከተሸጠው ሲዲ ደግሞ ብዙው በስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይሄድ ነበር። በኢሙሌተር ላይ ይህ ችግር የለም፤ የጌሙ አገር ተለይቶ ይታወቅና በራሱ ልክ ይሄዳል።

ማሽኖቹ ራሳቸው እያለቁ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ምርቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ቆሟል። መጀመሪያ የሚደክመው ሲዲ የሚያነበው ሌዘር ነው። የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ገልብጠው ወይም በጎኑ አቁመው የሚያጫውቱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የነበሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌዘሩ የሚሄድበት የፕላስቲክ ሐዲድ በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት ስለሚበላ ሲገለበጥ ለጊዜው ይስተካከላል። አዲስ አበባ መርካቶ ዞሮ መለዋወጫ የሚያገኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ገነተ ማርያም ላለ ሰው ግን ይህ የሩቅ መንገድ ነው። ገነተ ማርያም ስል ላስታ ያለውን ውቅር ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ማንዱራ ወረዳ ያለችውን ከተማ ነው። ለእንዲህ ያለ ከተማ የኢሙሌተር ዋጋ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌዘር የለውም፣ ሲዲ አይጫርበትም፣ ጌሙ ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ይቀመጣል።

ስቲም ዴክን ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ አይሸጥም፤ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። የሚሠራው በሊኑክስ ስለሆነ ኢሙሌተር መጨመር አይከለክልም። ማጥፊያው ቍልፍ ረዘም ተደርጎ ሲያዝ ከሚመጣው ዝርዝር ወደ ዴስክቶፕ መቀየር የሚለው ይመረጣል። ከዚያ መሣሪያው እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይሆናል፤ ዲስከቨር ከሚባለው ማከማቻ ሬትሮአርክን ወይም ፒሲኤስኤክስ2ን ማውረድ ይቻላል። ኢሙዴክ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ብዙዎቹን ኢሙሌተሮች በአንድ ጊዜ ጭኖ ለየኮንሶሉ ፎልደር ይከፍታል። የጌሙ ፋይል ሮምስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በየኮንሶሉ ስም ይገባል፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፒኤስኤክስ፣ ሁለተኛው ፒኤስ2 ተብሎ ተለይቷል። በመጨረሻ ጌሞቹ ወደ ስቲም ዝርዝር ይጨመራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዴስክቶፕ ሳይከፈት ከነሥዕላቸው ይታያሉ።

ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ከተማ ይህን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ አይመከርም። ከተማ ባለ ሰው ኮምፒውተር አውርዶ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ መላክ ይሻላል። አንድ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት፣ የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4.7 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ሲኤችዲ ወደሚባለው ዓይነት ሲቀየሩ ምንም ሳይጎድልባቸው ይቀንሳሉ።

ጀማሪን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ባዮስ ነው። ባዮስ ኮንሶሉ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው፣ ማሽኑ ውስጥ የተቀበረ ፕሮግራም ነው፤ በፕሌይስቴሽን 1 ላይ 512 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሲበራ የሚሰማው ያ የታወቀ ድምፅ የሚወጣውም ከእርሱ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒን በስልክ የለመደ ሰው ባዮስ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል፤ ፒፒኤስኤስፒፒ የፒኤስፒን የውስጥ ሥራ ራሱ አዲስ ጽፎ ስለያዘ የማሽኑን ሠሪ የሶኒን ፋይል አይፈልግም። ፒሲኤስኤክስ2 ግን ያለ ባዮስ አይነሣም። ባዮሱ የሶኒ ንብረት ነው፤ ትክክለኛው መንገድ ከራስ ኮንሶል መገልበጥ ነው። የሞተ የሚመስል ፕሌይስቴሽን 2 ሌዘሩ ብቻ ከሆነ የደከመው፣ ባዮሱ ገና ይነበባልና አይጣል።

ሕጉን በተመለከተ ኢሙሌተሩና ጌሙ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ሶኒ ቨርቹዋል ጌም ስቴሽን የተባለውን ኢሙሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስን ከሶ፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ ዛሬም ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ፍርድ ነው። በሌላ በኩል የኒንቴንዶ ስዊች ኢሙሌተር የነበረው ዩዙ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ተዘግቷል። ልዩነቱ ዩዙ ገና ገበያ ላይ ያለ ማሽንን የሚተካ፣ በቍልፍ የተዘጉ ጌሞችንም የሚከፍት መሆኑ ነበር። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት የሚተካበት ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ሰው የገዛውን ሲዲ ወደ ፋይል ቢቀይር አላጠፋም፤ ያልገዛውን ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ መብራት። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ኦሌድ 50። የድሮ ጌም ለዚህ ማሽን ቀላል ሥራ ነው። ሦስት ነጥብ ያለበት ቍልፍ ሲነካ በሚመጣው ዝርዝር ላይ አንጎሉ የሚበላውን ዋት መገደብ ይቻላል። መሣሪያው በጠቅላላው 8 ዋት ቢበላ 40ው ለ5 ሰዓት ይበቃል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በዚያው በመተከል ዞን ጉባ ላይ ቢሆንም፣ በየከተማው መብራት የሚጠፋበት ቀን አለና ይህ ለገነተ ማርያም ዓይነት ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም። ድሮ መብራት ሲሄድ ጨዋታውም አብሮ ይሄድ ነበር፤ ያልተቀመጠ ሊግ ጠፋ ማለት ነው። አሁን ባትሪው ይይዘዋል፤ ኢሙሌተሩም ጌሙን ባለበት ቅጽበት ማስቀመጥ ይችላል።

ኳሱ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። የድሮ ጌም ስፋቱና ቁመቱ 4 ለ 3 ነው፤ የስቲም ዴክ ስክሪን ግን 16 ለ 10 ነው፣ 1280 በ800። ምስሉን ጎትቶ ስክሪኑን መሙላት የሚፈቅድ ምርጫ አለ። ሲጎተት ኳሱ እንቁላል ይሆናል፣ ተጫዋቹ ይወፍራል፣ የቅብብሉ ርቀትም ዐይንን ያሳስታል። በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ትቶ በልኩ መጫወት ይሻላል።

ደግሞም ፔስ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ የቆመው ተራውን ይጠብቃል። በእጅ የሚያዝ ስክሪን ይህን ብቻውን አይመልሰውም። ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ማገናኛ ገዝቶ ከቴሌቪዥን ጋር ማያያዝና ሁለት ጆይስቲክ መጨመር የግድ ነው። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ገንዘብ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

እንደራሴ ሁሉን አይችልም። የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ ቍልፎቹ ምን ያህል እንደተጫኑ ይለዩ ነበር። በሜታል ጊር ሶሊድ 2 ጠመንጃውን ሳይተኩሱ ዝቅ ለማድረግ ቍልፉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ያስፈልጋል። የስቲም ዴክ የፊት ቍልፍ ግን ተጫነ ወይም ተለቀቀ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለዚህ ዓይነቱ ጌም በሌላ ቍልፍ ማካካስ ያሻል።

ነገሩ በጌም አልተጀመረም፤ በጌም ብቻም አያበቃም። አይቢኤም በሚያዝያ 1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360ን ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ ለአሮጌው 1401 ያጻፉትን ፕሮግራም መጣል አልፈለጉም፤ አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገውን ዘዴ ኢሙሌተር ያሉት በዚያ ዘመን የአይቢኤም መሐንዲሶች ናቸው። በእኛም አገር በዶስ ዘመን እንደ አጋፋሪ ባሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ በየቢሮውና በየሰው መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፊደሉ ዩኒኮድ ስላልነበረ ዛሬ በዎርድ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የዶስ እንደራሴ የሆነው ዶስቦክስ በዚያው ስቲም ዴክ ላይም በማንኛውም ላፕቶፕ ላይም ይጫናል፤ የጽሑፉ ፕሮግራም አብሮ ከተገኘ ሰነዱ በተጻፈበት መልክ ይከፈታል። መጀመሪያ ግን ፋይሉ ከፍሎፒው መውጣት አለበት፤ የፍሎፒ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ባያቆየው ጥሩ ነው።