ትልቅ ዛፍ በትንሽ ሸክላ፦ የቦንሳይ ማኅበራት ምን ያስተምራሉ?

ጥልቀት በሌለው ሸክላ ተተክሎ፣ ለዓመታት እየተከረከመና እየተቀረጸ የትልቅ ዛፍ መልክ እንዲይዝ የሚደረግ ትንሽ ዛፍ ቦንሳይ ይባላል። ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን ፍቺውም «በሳሕን የተተከለ» እንደማለት ነው። ጥበቡን ለዓለም ያስተዋወቁት ጃፓኖች ይሁኑ እንጂ፣ መነሻው «ፔንጂንግ» የሚሰኘው ጥንታዊ የቻይና ልማድ ነው። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ በርካታ ከተሞች የቦንሳይ አፍቃሪዎች የሚሰባሰቡባቸው የአካባቢ ማኅበራት አሉ። አብዛኞቹ በወር አንድ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት፣ በማኅበረሰብ ማዕከል ወይም በአትክልት ሥፍራ አዳራሽ የሚገናኙ፣ በአባላት መዋጮ የሚተዳደሩና ለማንኛውም ሰው በራቸው ክፍት የሆነ ስብስቦች ናቸው።

ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዝርያ አይደለም። ዛፉ የሚያንሰው ሥሩ በጠባብ ሸክላ ስለሚወሰንና ቀንበጡ በየጊዜው ስለሚቆረጥ ነው። ያው ዛፍ ከሸክላው ወጥቶ በሜዳ ቢተከል እንደ ወገኖቹ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ «የቦንሳይ ዘር» እየተባለ በፖስታ የሚሸጠው ከተራ የዛፍ ዘር የተለየ አይደለም፤ ገዢው ዘሩን አብቅሎ፣ ግንዱ እስኪወፍር ድረስ ብዙ ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። በየማኅበሩ ለጀማሪ በቅድሚያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ገንዘብ ከማባከንም ያድናል።

ሞቶ አረንጓዴ የሚቆየው ዛፍ

ወደ ማኅበር የሚመጡ ብዙ ጀማሪዎች አስቀድመው አንድ ዛፍ ገድለዋል። ታሪኩ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፦ በስጦታ ወይም ከገበያ የተገኘች ትንሽ ጥድ፣ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች፣ በየቀኑ ጥቂት ውኃ የምትረጭ፣ ከሁለት ወር በኋላ የደረቀች። ጥድ ግን የቤት ውስጥ ተክል አይደለም። ሙሉ ፀሐይ፣ የሚንቀሳቀስ አየርና የክረምት ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል፤ በብርድ ወራት ዕድገቱን ገትቶ ማረፍ አለበት። ከዚህም የሚብሰው፣ ጥድ ሥሩ ከሞተ በኋላ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው። ባለቤቱ አንድ ችግር እንዳለ ሲገነዘብ ዛፉ ካለፈ ሰንብቷል። በጠባብ አፓርታማ ለሚኖርና በረንዳ ለሌለው ሰው ማኅበራቱ የሚመክሩት በሞቃት አገር የሚበቅሉ፣ በመስኮት ብርሃን መኖር የሚችሉ ዝርያዎችን ነው፤ ከእነዚህም ቀዳሚው የሾላና የዋርካ ወገን የሆነው ፋይከስ ነው።

ውኃ ማጠጣት ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ዛፍ የሚጠፋበት ሥራ ነው። «በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ በማኅበሩ ቀጥተኛ መልስ አያገኝም። ልምድ ያላቸው አባላት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ያሳያሉ፤ ላዩ መድረቅ ሲጀምር፣ ውኃው ከሸክላው ሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ ማጠጣት፣ ከዚያም እንደገና እስኪጠይቅ መተው። አፈሩም ተራ የጓሮ አፈር አይደለም። «አካዳማ» የሚባለው ጠጠር መሰል የጃፓን ሸክላ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ ጋር ይደባለቃል፤ ውኃ ሲይዝ አየርንም ያስተላልፋል። እነዚህን ለአንድ ሰው በችርቻሮ መግዛት ውድ በመሆኑ፣ በርካታ ማኅበራት በጅምላ አስመጥተው ለአባላት ያከፋፍላሉ።

በዚህ ሁሉ የአካባቢ ማኅበር ከመጽሐፍና ከቪዲዮ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጃፓን ወይም በካሊፎርኒያ የተቀረጸ ትምህርት ስለ ሚኒሶታ ክረምትም ሆነ ስለ ሪያድ በጋ አይናገርም። በቦንሳይ ዛሬ የተሠራ ስሕተት የሚገለጠው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነውና፣ ብቻውን የሚማር ሰው የቱ ሥራው ዛፉን እንደጎዳው ማወቅ ይቸግረዋል። በዚያው ሰማይ ሥር ሃያ ዓመት ያሳደገ ጎረቤት ግን በአንድ እይታ ይነግረዋል።

አንድ ስብሰባ ምን ይመስላል?

የስብሰባው ቅደም ተከተል ከማኅበር ማኅበር ቢለያይም መሠረቱ ተቀራራቢ ነው። አባላት ዛፋቸውን ይዘው ይመጡና በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ስለ ዛፉ ዕድሜ፣ አመጣጥና ችግር በአጭሩ ይናገራል፤ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ። አስተያየቱ አንዳንዴ ጠንከር ይላል፤ አሥር ዓመት የተደከመበት ቅርንጫፍ «ቢቆረጥ ይሻላል» ሲባል መስማት አያስደስትም። ሆኖም የሰውን ዛፍ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መንካት ነውር ነው።

ቀጥሎ ሠርቶ ማሳያ ይኖራል። ከማኅበሩ አንጋፋዎች አንዱ ወይም ከሌላ ከተማ የተጋበዘ ባለሙያ ያልተቀረጸ ቁጥቋጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እያብራራ ይሠራበታል። መጀመሪያ ከግንዱ ሥር ያለውን አፈር ይጠርግና ሥሮቹ ከግንዱ የሚዘረጉበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ጃፓኖች ይህን «ኔባሪ» ይሉታል፣ የዛፉ ዕድሜና ጽናት የሚነበበው ከዚያ ነውና። ከዚያም ዛፉን እያዞረ «ፊቱን» ይመርጣል። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚሄድ የሚወሰነው ፊቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው «ቾካን»፣ እየተጣመመ የሚወጣው «ሞዮጊ»፣ እንደ ገደል ዛፍ ከሸክላው በታች የሚወርደው «ኬንጋይ» የሚሉት የአቋም ስሞችም በዚህ ጊዜ ይለመዳሉ።

እጅ የሚፍታታው ግን በተግባር ሥልጠናው ነው። ለጀማሪዎች በሚዘጋጀው ሥልጠና ተሳታፊው ከዝቅተኛ ክፍያ ጋር አንዲት ርካሽ ችግኝ፣ ሽቦና ሸክላ ይሰጠውና፣ በአሠልጣኝ ክትትል የራሱን የመጀመሪያ ዛፍ ሠርቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሽቦው አሉሚኒየም ወይም በእሳት የለሰለሰ መዳብ ነው። ውፍረቱ ከቅርንጫፉ ውፍረት ሢሶ ያህል ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይጠመጠማል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ በቀስታ ይታጠፋል። ቅርንጫፉ አዲሱን አቅጣጫ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል፤ ሽቦው በጊዜው ካልተነሣ ደግሞ ቅርፊቱን ቆርጦ ገብቶ ለዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። ሽቦ ሲነሣ እየተፈታ ሳይሆን በጉጠት እየተቆራረጠ መሆን እንዳለበት ቅርንጫፍ የሰበረ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ ውጭ ቶምቦላ፣ የዛፍና የሸክላ ጨረታ፣ የመጻሕፍት ውሰት፣ ወደ ችግኝ ጣቢያዎች የሚደረግ ጉብኝትና ዓመታዊ ዐውደ ርእይ አለ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚሄድ አባል ዛፉን ውኃ የሚያጠጣለት ሰው ማግኘትም ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ በሐምሌ ሙቀት አንድ ቀን ውኃ የታጣበት ትንሽ ሸክላ ዛፉን ሊያጠፋ ይችላል።

በክረምት መጨረሻ፣ እምቡጥ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ሸክላ የመለወጥ ሥራ ይመጣል፤ ብዙ ማኅበራት ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ይመድባሉ። ዛፉ ከሸክላው ወጥቶ የተጠላለፈው ሥሩ ይበጠራል፣ ከፊሉ ይቆረጣል፣ በአዲስ አፈር ይመለሳል። ቅጠል የሚያረግፉ ወጣት ዛፎች በየሁለትና ሦስት ዓመቱ፣ ፓይንና ጥድ ደግሞ ከዚያ በዘገየ ጊዜ ይህ ይደረግላቸዋል። ሥር መቁረጥ ለጀማሪ የሚያስፈራ ቢሆንም፣ ሸክላውን የሞላ ሥር ውኃ ስለማያሳልፍ ዛፉን ቀስ በቀስ ያንቀዋል።

በዋሽንግተን፦ ከ1625 ጀምሮ የሚጠበቅ ዛፍ

ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚገኙ ነዋሪዎች ይህን ጥበብ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በብሔራዊው የዛፎች ማዕከል ቅጥር ግቢ የሚገኘው የቦንሳይና ፔንጂንግ ሙዚየም መግቢያ ክፍያ የለውም። ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1976 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ የነጻነት በዓል 53 የቦንሳይ ዛፎች በሰጠች ጊዜ ነው።

ከ53ቱ አንዱ ማሳሩ ያማኪ የተባሉ የሂሮሺማ ቦንሳይ አሳዳጊ የለገሱት ነጭ ፓይን ነው። ዛፉ ከ1625 ጀምሮ በሸክላ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ሲጣል የያማኪ ቤት ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ መስኮቶቹ ረገፉ፣ ቤተ ሰቡ ተረፈ፣ ዛፉንም በዙሪያው የነበረው ግንብ ጋረደው። ያማኪ ስጦታውን ሲሰጡ ይህን አልተናገሩም። ሙዚየሙ ታሪኩን ያወቀው በ2001 ሁለት የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን ዛፍ ሊያዩ በመጡ ጊዜ ነው።

በዚያው ሙዚየም «ጎሺን» የሚባል፣ 11 ጥዶች በአንድ ሸክላ እንደ ደን የቆሙበት ሥራ ይታያል። የሠራው በኮሎራዶ የተወለደው ጃፓናዊ አሜሪካዊ ጆን ናካ ሲሆን፣ የጀመረውም በ1948 ነበር። ናካ በሎስ አንጀለስ በ1950 የካሊፎርኒያ ቦንሳይ ማኅበር እንዲመሠረት ካደረጉት አንዱ ነው፤ ጥበቡን ከጃፓናውያን ማኅበረሰብ ውጭ ለመጣ ለማንኛውም ተማሪ በእንግሊዝኛ በማስተማሩ፣ ዛሬ በአሜሪካ ያለው የማኅበራት ልማድ ብዙ ዕዳ አለበት።

ያ በር መከፈቱ የሚገርመው ከስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ለሚያስታውስ ነው። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት 120,000 ያህል ጃፓናውያንና ጃፓናውያን አሜሪካውያንን በካምፖች አጎረ። ብዙ አሳዳጊዎች ዛፋቸውን ጥለው ሄዱ፤ ለጎረቤት አደራ የሰጡም ነበሩ። በዩታ በሚገኘው ቶፓዝ ካምፕ ታስሮ የነበረው ጁዛቡሮ ፉሩዛዋ ከዘር ያበቀለውን ፓይን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አሳደገ። ዛፉ ዛሬ በዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የፓሲፊክ ቦንሳይ ሙዚየም ይኖራል። በየካቲት 2020 ከሌላ ዛፍ ጋር ተሰርቆ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ተገኝቷል።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉትን የአካባቢ ማኅበራት የሚያስተባብረው የፖቶማክ ቦንሳይ ማኅበር ነው፤ በጸደይ በዛፎች ማዕከሉ በሚያዘጋጀው ፌስቲቫል ዐውደ ርእይ፣ ሠርቶ ማሳያና ሽያጭ በአንድ ላይ ይቀርባሉ። የዓለም የቦንሳይ ቀን የሚከበረውም በግንቦት ወር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ነው።

ወይራ፣ ዋርካና ግራር

በኢትዮጵያ ገጠር ላደገ ሰው የቦንሳይ ጠረጴዛ ጨርሶ እንግዳ አይሆንም። ጥድ የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። ጢሱ የወተት ዕቃ የሚያጥነው ወይራ በደቡብ አፍሪካ ከሚወደዱት የቦንሳይ ዛፎች አንዱ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ ከባድ ቆረጣን ይችላል፣ ከአሮጌ ጉቶም ያቆጠቁጣል። የደቡብ አፍሪካ አሳዳጊዎች የጃፓንን ቅርጽ ብቻ በመከተል አልተወሰኑም፤ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን የግራር ቁመና ለብቻው ዘይቤ አድርገውታል፤ ስሙንም በመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ ከታወቀው ሠዓሊ ከፒርኒፍ ወስደዋል። የስምጥ ሸለቆን ግራር የሚያስታውስ ሰው ሞዴል ፍለጋ ጃፓን መሄድ የለበትም።

ሆኖም ችግኝ ወይም ጉቶ በሻንጣ ይዞ መግባት አይገባም። አሜሪካም ሆነች የአውሮፓ ኅብረት ለሚተከል እፅዋት ከመነሻው አገር የተሰጠ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ አፈር ያለበት ሥር አይገባም፤ ጨርሶ የተከለከሉ ዝርያዎችም አሉ። ወይራና ፋይከስ ግን በየአገሩ ችግኝ ጣቢያ ስለሚገኙ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ወይራ ከባድ ውርጭ ስለማይችል በሰሜናዊ ከተሞች ክረምቱን ብርሃን ባለበት፣ በማይቀዘቅዝ ግን ሙቀት ባልበዛበት ክፍል ማሳለፍ ይኖርበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ጥላ፣ ሸክላው በፀሐይ እንዳይግል መከለልና በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ውኃ። ፋይከስና ቡገንቪሊያ እዚያ ከጃፓን ሜፕል ይልቅ ይስማማሉ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው መሣሪያና ዛፍ ከመግዛቱ በፊት በእንግድነት አንድ ሁለት ስብሰባ ቢገኝ ይመረጣል፤ ብዙ ማኅበራት ይህን በነጻ ይፈቅዳሉ። የበረንዳውን አቅጣጫ፣ ፀሐይ የሚያገኝበትን ሰዓትና በክረምት ዛፉን የሚያስቀምጥበትን ቦታ አስቀድሞ አስቦ ቢመጣ፣ የትኛው ዝርያ እንደሚስማማው ወዲያው ይነገረዋል። አንጋፋ አባል ሲያርፍ ወይም አቅም ሲያጣ ቤተ ሰቡ ዛፎቹን ለማኅበሩ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጨረታ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሊንከባከቧቸው ለሚችሉ አዳዲስ አባላት ይተላለፋሉ። አዲሱ ባለቤት ዛፉን ሲቀበል የቀድሞው አሳዳጊ ስምና ዛፉ ሸክላ የተለወጠበት ዓመት የሰፈረበት ወረቀት አብሮ ቢሰጠው መልካም ነው፤ ቀጣዩ የሥር ቆረጣ መቼ እንደሚሆን የሚያውቀው ከዚያ ነው።