የመንዝ ሱፍ ልብስ

የመንዝ ሱፍ ልብስ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይ በመንዝና በግሼ፣ ከአገሩ በግ ጠጉር ተፈትሎ በእጅ የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው። ታዋቂዎቹ ዓይነቶች ባና፣ ዝተትና በርኖስ ናቸው። ባናና ዝተት ቀን እንደ ጋቢ ይደረባሉ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናሉ። በርኖስ ግን ተሰፍቶ የሚለበስ ካባ ነው። ልብሱ እንደ ልማዱ ቀለም አይነከርም፤ መልኩ የበጉ የራሱ መልክ ነው።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በመሐል ሜዳና በሞላሌ ዙሪያ ያለው ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው። ጥጥ አይበቅልበትም፤ ከቆላ ወይም ከገበያ ይመጣል። የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ እዚያ ለሚያድር እረኛ የጥጥ ጋቢ ብቻውን አይበቃውም።

የመንዝ በግ ትንሽና ላታም ነው። ጠጉሩ ሻካራ ስለሆነ ለስስ ልብስ አይመችም፣ ለባና ግን ተስማሚ ነው። መልኩ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ዳለቻ ወይም ቡራቡሬ ይሆናል። ጥቁር ልብስ የሚፈልግ ሰው የጥቁር በጎችን ጠጉር ለይቶ ያከማቻል። ጥቁርና ነጭ አብሮ ቢነደፍ ፈትሉ ግራጫ ይወጣል፤ ተለይቶ ቢፈተል ደግሞ ሸማኔው መስመር ያወጣበታል። ስለዚህ የማቅለም ሥራው የሚጀምረው በሽለታ ነው ማለት ይቻላል። ጥቁሩ ሱፍ ፀሐይ ሲበዛበት ወደ ቡናማ ያደላል።

የተሸለተው ጠጉር ታጥቦ ይደርቃል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ነው። የእጅ ሽመናው ጠባብ ስለሆነ ሰፊው ልብስ የሚገኘው ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲሰፉ ነው።

በርኖስ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የኢትዮጵያው በአንድ ትከሻው ላይ ባለው ሹል ቅርጽ ይታወቃል። የጥቁር ሱፍ ነገር ያስገርማል፦ በርኖስ ሆኖ የክብር ልብስ ነው፣ ማቅ ሆኖ ደግሞ የመነኩሴና የሐዘንተኛ።

ከሩቅ አገር ተቃራኒው የጃፓን ኢንዲጎ ነው። በቶኩሺማ የሚዘጋጀው ሰማያዊ ቀለም የሚገኘው ከተክል ቅጠል ነው። የደረቀው ቅጠል ውሃ እየተረጨበት ለወራት ከተብላላ በኋላ በአመድ ውሃ ይቦካል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ይመስላል፤ ሰማያዊ የሚሆነው አየር ሲነካው ነው። የሚደንቀው ኢንዲጎ የሚሰጥ ሌላ ተክል፣ ኢንዲጎፌራ አሬክታ፣ በኢትዮጵያም በዱር መብቀሉ ነው። ይኸው ዝርያ በጃቫና በሕንድ ለቀለም በሰፊው ተመርቷል፤ የመንዝ ባና ግን ያለ ጋን ኖሯል።

ይህም ልብሱን ከመንጋው መልክ ጋር አስሮታል። ቀለም ነካሪ ሰማያዊ ቢያጣ ከሌላ አገር ይገዛል፤ የመንዝ ሸማኔ ጥቁር በግ ካጣ ጥቁር በርኖስ የለውም። በሥጋ ገበያ ደግሞ ነጭና ቀይ በግ ይወደዳል፤ ጥቁሩ ዋጋው ዝቅ ይላል። በደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል የመንዝ በግ ከአዋሲ ዝርያ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል፤ አዋሲ ገላው ነጭ፣ ራሱ ቡናማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ኅብረተሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ መርሐ ግብርም የአገሩን ዝርያ ሳይለቅ የተሻለ የሚያድጉ አውራ በጎችን ይመርጣል። ለገበሬው ገቢ ይህ ትክክል ነው፤ የሸማኔው ፍላጎት ግን ከክብደት ጋር አይመዘንም።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ የባናን ቦታ በብዙ ቤት ወስዷል። በደብረ ብርሃን ከበግ ሱፍ በእጅ የሚሠራ ምንጣፍም ይሸጣል፤ በእርሱም ላይ የበጉ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ መልክ ይታያል።